የቦራ ሁለተኛ ጉርሻ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለባድሩ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህልኝ? ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህስ እንዴት ነው፣ መኪና ሥር ስትተኛ የሚይዝህ? ሙቀቱስ ቀለል አለላችሁ ወይ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ አሁንም በአንድ እጅህ ቁልፍ፣ በሌላው እጅህ ዳቦ ይዘህ ነው የምትውለው? አብረውህ የሚኖሩት የአገር ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ልጆቹ ደህና ናቸው። ላሚቱ ወልዳለች። ባሌ ሙንተሲርም ደህና ነው፤ እሱን ከታች ታገኘዋለህ። የጎረቤቱም ሰው በሙሉ ደህና ነው፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር የአምስት ሽማግሌዎች ነጭ ልብስ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

በስልክ አትነግሪኝም ነበር ወይ እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ስጀምርልህ "እሺ፣ እሺ፣ በአጭሩ" ትለኛለህ፤ ይሄ ደግሞ በአጭሩ የሚነገር አይደለም። እማዬም "ስልክ ተሰምቶ ይጠፋል፣ ወረቀት ይቀመጣል፤ ጻፊለት" አለችኝ። ሰው ወደ አንተ ስለሚመጣ በእጁ እልከዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም በስልክ እንዳይነግርህ ቤቱን በሙሉ አስምያለሁ። ሙንተሲር ምስጢር መያዝ ስለማይችል ስልኩን ነው የያዝኩበት።

ያቺን በመስከረም የተናገርካትን አልረሳኋትም። "ቦራ ሞታለች፤ አምስት ዓመት የቆመ ሞተር ሞተር አይባልም፣ ብረት ነው። ጥቅምት እስኪያልቅ ካልተነሳች ለቁራሌው ስጧትና እማዬ ቦታው ላይ ላም ታስርበት" ብለህ ዘጋኸው። አንተ የቤቱ ታላቅ ነህ፤ አባባ ካለፉ ወዲህ ያንተን ቃል ማን ይመልሳል? እማዬ አጠገቤ ሆና ሰምታሃለች። ተነስታ ጓሮ ሄደችና ጭዱን ትክ ብላ አየችው። "አባትሽ ሲያልፉ ያልሸጥኳትን፣ በዚያ በክፉው ጊዜ በጭድ ሸፍኜ ያተረፍኳትን፣ አሁን በደህናው ቀን ለቁራሌ ላስረክባት ነው?" አለች። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ስለ መኪና ቃል አልወጣትም። እማዬን ታውቃታለህ፤ ከተናገረች ይሻላል፣ የሚያስፈራው ዝም ስትል ነው።

አንተ ከሄድክ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖሃልና ምናልባት መልኳ ጠፍቶብህ እንደሆን ላስታውስህ። ቀይ ፒካፕ ናት። አባባ ኮፈኗን ከዝገት ሲያስጠግኑ ቀይ ቀለም አልቆባቸው ግንባሯን በነጭ ቀቡት፤ ቦራ የተባለችው በዚያ ነው። የሐይቁን ዓሣ ደሴ ስታመላልስ ኖራ ሽታው እስካሁን ከወንበሯ አልወጣም። አባባ ኢድ በመጣ ቁጥር ያጥቧትና ሞተሯን ያሞቁ ነበር። "ባድሩ ድንገት ቢመጣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ታክሲ ሲለምን አላየውም፤ በገዛ መኪናዬ ነው የማመጣው" ይሉ ነበር። ይህን የጻፍኩት ላስለቅስህ አይደለም። ለቀብራቸው መድረስ ያልቻልከው በወረቀት ጉዳይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አልወቀሰህም። ነገር ግን ቦራ ሞታለች ያልከው ሞተሯን አይተህ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ እህትህ ነኝ።

ጭዱን ስንገልጥ የመሪው ወንበር ላይ የእማዬ ዶሮ ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋ አገኘናት። በገዛ ቤቷ እንደመጣንባት ሁሉ ተቆጣችን። የአባባ መቁጠሪያ ሙስበሃ መስታወቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እማዬ ሙስበሃውን አየችና ዶሮዋን ብቻ "ውረጂ" አለቻት።

እኔ መቼም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከመኪና ሁሉ የማውቀው የስፌት መኪናዬን ነው። እሷም ግን መኪና ናት። ክረምቱን የቆመች የስፌት መኪና ላይ መጀመሪያ ዘይት ጠብ ጠብ ሳታደርግና በእጅህ ሳታዞራት ፔዳሉን ብትረግጥ ክር በጥሳ፣ መርፌ ሰብራ ታሳይሃለች። ቦራም እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም ብዬ ደወልኩልህ። ሳቅክብኝ። ሲመሽ ግን የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት፣ ላክ የሚልህ ሰው ሳይኖር፣ ራስህ ላክክልኝ። ሞተር ሲቆም ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላይኛው ብረት ራቁቱን ይቀራል፤ በደረቁ ካስነሳችኋት ብረት ብረቱን ይበላዋል፣ ያኔ እውነትም የቁራሌው ናት አልክ። እሳት የሚሰጡትን አራቱን ካንዴላዎች ፍቱ፤ በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አድርጉ፣ አንድ ብቻ፤ በእጅ አዙሯት፤ አሮጌውን ዘይት ደፍታችሁ አዲስ ሙሉባት፤ ካንዴላዎቹ እንደወጡ በቁልፉ ትንሽ ትንሽ አሽከርክሯት፤ ከመሪው ኋላ ያለችው ቀይ መብራት ስትጠፋ ዘይቱ ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ ካንዴላ የሚመለሰው ያኔ ነው አልክ። "መጀመሪያ ዘይት፣ ኋላ እሳት" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገምከው። ሁሉንም የልኬት ደብተሬ ላይ፣ ከአንዲት ሙሽራ ወገብና ከአንድ ሱሪ ርዝመት መካከል ጻፍኩት።

ሙንተሲር ግን "በማንኪያ ስንጫወት ሳምንት ከምንቆይ ቁልቁለቱ ላይ ገፍተን ማርሽ ብናስገባባት ትነሳ የለም ወይ?" አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው አይሰማም። በማግስቱ ከመስጊድ ሲመለስ አሥራ አንድ ጎልማሳ አስከትሎ መጣ፤ ጅጌ ጠርቷል። ለአጨዳ የሚጠራ ጅጌ ለመኪና ሲጠራ ያየሁት ገና ዘንድሮ ነው። ሰዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲጠጓት የጨርቅ መቀሴን እንደያዝኩ ፊቷ ቆምኩ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! የሚገፋት ካለ መጀመሪያ እኔን ይግፋ!" አልኩ። የደፈረ የለም። ይሁንና የተጠራ ጅጌ አፉን ሳያሟሽ አይሸኝምና እማዬ ቁርስ አቀረበች። አንዲት ስንዝር ሳይገፉ በሉ፣ መረቁን፣ ሄዱ።

ጋሽ ወልዴን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ከአባባ ጋር እየተፈራረቁ ያንን መንገድ ሃያ ዓመት የነዱ፣ ጥገናውንም የሚያውቁ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ከነፋስ ጋር የሚጣሉ ሰው ናቸው። ድምፅህን ሳሰማቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄ ያ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፌን ሐይቁ ውስጥ የጣለው ልጅ አይደለም? እሱ ነው ዛሬ ዘይት አጠጣጥ የሚያስተምረኝ?" አሉ። እንደገና አሰሙኝ አሉ። ለሦስተኛ ጊዜም ሰሙት። በመጨረሻ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ፊታቸውን አጨማደው "መቼም አልተሳሳተም" አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ካንዴላዎቹ ወጡ። ጋሽ ወልዴ ልጆቹ መድኃኒት በሚጠጡባት ማንኪያ በየቀዳዳው አንድ አንዴ አፈሰሱ። እማዬ በርጩማ አምጥታ አጠገባቸው ተቀምጣ ትቆጥራለች።

"አንድ ማንኪያ ብቻ?" አለች።

"አንድ ብቻ።"

"ለአምስት ዓመት ጦም?"

"አንድ ብቻ አልኩ እኮ፣ እመት አሚናት!"

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። እኔም ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ እሷ ከንፈሯን ከመጠጠች ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። ሐሙስ ጋሽ ወልዴ ረጅሙን ቁልፍ ከፊት አስገብተው በእጅ ሊያዞሯት ሞከሩ። እምቢ አለች። ላባቸው ጠብ አለ። ተንፍሰው እንደገና ያዙ፤ እኔም አብሬ ያዝኩ። ከውስጥ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ወጣና የጣት ያህል ዞረች። ከዚያ የመዳፍ ያህል። ከዚያ ሙሉውን። ጋሽ ወልዴ ቁልፉን ጥለው አማተቡና "አልሞተችም። ተኝታ ነው" አሉ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

የቀረው ባትሪው ነበር። እሱ ገበያ ማዶ ቻርጅ እስኪደረግ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። ቀዳዳዎቹን አቧራ እንዳይገባባቸው በቁርጥራጭ ከፋይ ሸፈንኳቸው፣ ከሙሽራዋ ቀሚስ የተረፈ ነው። አዲሱን ዘይት ሞልተንባት የተረፈውን ጋሎን አጠገቧ ተውኩት፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። ቦራ ተንቀሳቀሰች የሚለው ወሬ እንደወጣ ሰው እንደ በሽተኛ ሊጠይቃት ይጎርፍ ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን "እግዜር ይማርሽ" ብላ ገባችና ከረጅም ሕመም የተነሳ ሰው አናቱ ቅቤ ይሻል ብላ ነጯን ግንባሯን ለጋ ቅቤ ቀባቻት። የሰፈሩ ድመት ሲልሳት ዋለ። ሼህ ኑርሁሴን በምርኩዛቸው መጥተው ጎማዋን እንደ በሬ ሽንጥ ዳሰሱና "አብሽሪ" አሏት። ጅጌ የመጡት አሥራ አንዱም ቁርስ በልተን ዝም ማለት ነውር ነው ብለው ተራ በተራ መጡ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ቁራሌው! ባንተ ቃል ለቅዳሜ ቀጥረነው ነበርና የሚጭናትን ብረት ቀድሞ ሊያይ መጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ አያት፤ "መቼም ነፍስ ያለው ነገር ትመስላለች" ብሎኝ በትሕትና ተሰናብቶ ወጣ። እኔ ሁሉንም አስገባለሁ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጓሮ ናት" እላለሁ፣ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ። ዓርብ ከሰዓት ጋሎኑን ሳነሳው ቀለለኝ። ሙንተሲርን ጠረጠርኩ፤ እሱን መጠርጠር ልማድ ስለሆነብኝ ሌላ ሰው አላሰብኩም።

ቅዳሜ ነጋ። ጥቅምት ሊያልቅ አንድ ቀን ነው የቀረው። ቁራሌው መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር፤ እማዬ ጓሮው ባዶ ሆኖ ስታየው ምን ትሆናለች እያልኩ ስገላበጥ ነበር ያደርኩት። እሷ ግን "ያለ ዱዓ አትነካም" ብላ ሼህ ኑርሁሴንንና አራት ሽማግሌዎችን አስጠርታለች። የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ጥጥ መስለው መጡ። ምንጣፉ የተነጠፈላቸው ደግሞ የት መሰለህ? ኮፈኑ ከተከፈተው ከቦራ አፍንጫ ሥር። ጋሽ ወልዴ መሪው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተከፈተው ኮፈን ስለጋረዳቸው ፊት ለፊት ያለው ሰው አይታያቸውም፣ በጆሮ ብቻ ነው የሚከታተሉት። አንተ ትንሽ ልትተፋ ትችላለች ስላልክ ቀዳዳዎቹ ላይ ከፋዩን ጣል አድርጌበታለሁ።

"አላህ ከተኛችበት ያንቃት" አሉ ሼህ ኑርሁሴን። አሚን አልን። እትዬ ለተብርሃንም ከኋላ "አሜን" አለች። "ደረቷን ይክፈትላት።" አሚን። "የባለቤቷን ነፍስ ይማር፣ በሩቅ ያለውን ልጅ በሰላም ያግባ።" አሚን፤ እዚህ ላይ የእማዬ ድምፅ ከሁሉም በለጠ። "በረከቱን ከላይ ያፍስስላችሁ!" አሚን! አልን በአንድ ድምፅ፤ ጋሽ ወልዴ ዱዓው ያበቃ መስሏቸው ቁልፉን አዞሩት።

ባድሩ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። አንድ ማንኪያ ትተፋለች የተባለችው ቦራ በአራቱም ቀዳዳ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ከፋዩ ተፈናጥሮ የሼህ ኑርሁሴን ጥምጣም ላይ አረፈ። ዘይቱ ኮፈኑን መታና ምንጣፉ ላይ እንደ ሐምሌ ዶፍ ወረደ። ጋሽ ወልዴ አይታያቸውም፤ ጩኸታችንን የደስታ መስሏቸው እንደገና አዞሩት። ሽማግሌዎቹ ለመነሳት ቢሞክሩ ምንጣፉ ያንሸራትታቸዋል። ድመቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ ሮጬ ቁልፉን ከእጃቸው እስክነጥቅ ድረስ ከአምስቱ ነጭ የቀረ አልነበረም።

ሼህ ኑርሁሴን ጢማቸውን በመዳፋቸው ጨመቁና ጠብታውን አይተው "አልሐምዱሊላህ፣ ደረቅ አይደለችም" አሉ። ጋሽ ወልዴ ወርደው የሆነውን ሲያዩ ግን እንደ ሕፃን ተቆጡ። "አንድ ማንኪያ ነው ያልኩት! ማነው ይሄን ያደረገው?" አሉ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ሙንተሲር ላይ አፈጠጥኩ። መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ለተብርሃን ናት። "የእኔ አንዲት ሲኒ ብቻ ነች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ከሟቹ መኪና ጋር ምን አጣላኝ ብዬ ነው" አለች። ከጅጌዎቹ አንዱ ቀጠለ፣ እሱም አንድ ሲኒ። ሌላውም። ሌላውም። እያንዳንዱ የመጀመሪያዋን ጉርሻ የሰጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው፣ የማፋቀሪያዋን ሁለተኛ የምሰጣት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ አስቧል። ለታይታ እንዳይሆንም ሰው እንዳያየው ተጠንቅቋል። ሼህ ኑርሁሴን ዘይቱ ከቅንድባቸው እየወረደ "መዋሸት አይሆንልኝም፤ እኔም በክዳኑ ጀባ ብያታለሁ" አሉ። ቁራሌው እንኳ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ "እንግዳ ነኝ፤ የታመመ ጠይቆ ባዶ እጅ መውጣት ከብዶኝ ትንሽ አድርጌባታለሁ" አለ። ብረት ሊወስዳት የመጣ ሰው እኮ ነው! እማዬን ስንቱን እንዳደረገች ሲጠይቋት "እኔ የቤቱ እናት ነኝ፣ አልቆጠርኩም" አለች።

ከዚህ ሁሉ ሰው አንዲት ጠብታ ያልጨመረው ማን እንደሆነ ልንገርህ? ሙንተሲር። ይህን ነገር እስክሞት ድረስ እንደሚያነሳብኝ ታየኝ። ጋሽ ወልዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ረጋ ብለው ነገሩን። ካንዴላዎቹ ተገጥመው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዘይት መውጫ አጥቶ ሞተሩን ከውስጥ ያጣምመው ነበር። "የዳነችው ያ ቁልፌን የጣለው ልጅ ካንዴላ አውጡ ስላለ ነው" አሉ። በሰው ፊት ነው ያሉት፤ ምስክር ነኝ።

ከዚያ ሥራው ቀጠለ። ሽማግሌዎቹን የሙንተሲርን ጋቢና የእማዬን ቡሉኮ አለበስናቸው፤ ወደ ቤታችሁ ግቡ ብንላቸው "ቀይዋ መብራት ሳትጠፋ አንሄድም" አሉ። ጋሽ ወልዴ ቀዳዳዎቹን አጸዱ፣ የጎደለውን ዘይት ሞሉ፣ ቁልፉን ትንሽ አዙረው ያቆማሉ፣ ደግሞ ያዞራሉ። እኛ በመስኮቱ ተደራርበን ቀይዋን መብራት እናያለን። አንዴ። አልጠፋችም። ሁለቴ። አልጠፋችም። ቁራሌው ራሱ "ያረቢ" ይላል። በአምስተኛው ላይ ዓይኑን እንደሚያሻሽ ሰው ብልጭ ድርግም አለችና ጠፋች። ካንዴላዎቹ ገቡ፣ ንጹሕ ቤንዚን ተጨመረ፣ ጋሽ ወልዴ ቁልፉን አዞሩ። ቦራ ሳለች። እንደገና ሳለች። በሦስተኛው ላይ ተነሳች! የተረፈው የሰው ጉርሻ ሁሉ መቃጠል ጀምሮ ጓሮው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፤ ማዶ ያሉት ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ሮጡ። እማዬ ጭሱ ውስጥ ገብታ ነጩ ግንባሯ ላይ እጇን አሳረፈች። ሞተሩ እጇን ያንቀጠቅጠዋል። እያለቀሰች ነበር፤ በጭሱ ነው አለችን፣ እኛም በጭሱ ነው አልን።

አሁን ለአንተ ብቻ አንድ ነገር ልናዘዝ። የጠየቀኝ ስላልነበረ ለማንም አልተናገርኩም። ሐሙስ ከሰዓት ሰው በሌለበት የስፌት መኪናዬን ዘይት ማጠጫ ይዤ ሄጄ በየቀዳዳው አንዳንድ ጨመርኩባት። አንዷ ስላንተ ናት። ሰፈሩን ሁሉ ስቆጣ የዋልኩት እኔው ነኝ።

ቁራሌው ባዶውን ተመለሰ፤ እማዬ የዶሮዎቿን ትኩስ እንቁላል በሙሉ ስንቅ ብላ አሸከመችው። ምርመራውንና ቦሎውን ጨርሰን የመጀመሪያዋ ጉዞ ወደ አምባሰል እንድትሆን ተስማማን። አክስታችን እማዬን ካየቻት አራት ዓመቷ ነው፤ ዶሮ አርዳ እየጠበቀችን ነበር። ትናንት ጠዋት ጋሽ ወልዴ መሪውን ያዙ። እኔ ከእማዬ ጎን ልቀመጥ ስል "አንቺ ከኋላ ጭነቱ ላይ ውጪ" አለችኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ ብላት አልሰማችኝም፣ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ጋሽ ወልዴ ወደ አምባሰል ሊያዞሩ ሲሉ እማዬ መሪው ላይ እጇን ጫነች። "ወደ ደሴ" አለች። ደሴ ስንደርስ "እለፈው" አለች። ቁልቁለቱን ወርደን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ነው የቆምነው።

ጥበቃው መጣና "ማንን ልትቀበሉ ነው፣ እናቴ?" አላት። "ልጄን" አለችው። "በስንት ሰዓቱ ነው የሚመጣው?" ሲላት "ሰዓቱን እሱ ነው የሚያውቀው፤ እኛ ተዘጋጅተናል ለማለት ነው የመጣነው" አለችው። ሰውየው ጋሽ ወልዴን አየ፣ እኔን ጭነቱ ላይ አየኝ፣ ምን እንደገባው አላውቅም፣ ጥላ ሥር አቁሙ አለን። አንድ አውሮፕላን አረፈ። ሰዎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወጡ እማዬ የሁሉንም ፊት አየች። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ነጠላዋን አስተካከለችና "እሺ፣ ዛሬ አልመጣም። በየወሩ አንዴ እንመጣለን፤ ከቆመች ዘይቱ ይወርዳል ብላችኋል" አለች። ጋሽ ወልዴ አፍንጫቸውን እየጠረጉ "ትክክል ነው፣ ይወርዳል" አሉ። አክስታችን ዶሮውን ለጎረቤት አብልታ እስካሁን ስልክ አታነሳልንም።

እማዬ ወደ አንተ የምልከውን ስትነግረኝ ልትለምንህ መስሎኝ ነበር። "ሞተሯ ደህና ነው በይው፣ እሱ ብቻ ነው የሚያሳስበው" አለች። ጋሽ ወልዴ ሰላም ብለውሃል፤ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፌን ይዞ ይምጣ ይላሉ። ሼህ ኑርሁሴን ዱዓቸው ደርሶሃል፤ ጥምጣማቸው ግን በሦስት እጥበትም አልለቀቀም። እትዬ ለተብርሃን በብዙ ሰላም ብላሃለች። ሙንተሲር አንዲት ጠብታ እንዳልጨመረ ጻፊልኝ ብሎኛል፣ ጻፍኩለት። ልጆቹ አጎታችን እያሉ ይስሙሃል። አንተም አብረውህ ላሉት የአገር ልጆች በየስማቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ባድሩ፣ ከሐይቅ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሐይቅ ደርሶ መልስ ጭነት ላይ ተቀምጬ ወገቤ እንደ አንተ ወገብ ሆኗል። ስንመለስ እንኳ እባክሽ መሐል ልቀመጥ፣ ቦታው ባዶ ነው አልኳት። እማዬ ባዶውን ወንበር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና "የባድሩ ነው" አለችኝ።

እህትህ ሒክማ
ሐይቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.